ካታን ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ጓደኛህን ያስቀየመው ዳይሱ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለልደቴ ካታን የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ሰጠችኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወትን። የሕጉን መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ 40 ደቂቃ ያህል አነበብኩላቸው። ጨዋታው ራሱ አራት ሰዓት ፈጀ። አንደኛው ጓደኛችን ካርድ የሚባል ነገር አልደርሰው ብሎ ‹ይሄማ የዕድል ጨዋታ ነው› እያለ ስልኩን ሲነካካ አመሸ። ሁለቱ ደግሞ በአንድ የእንጨት ካርድ ተኳረፉ። አንዱ ‹አሁን እንጨት ስጠኝ፣ በሚቀጥለው ተራዬ ስንዴ እሰጥሃለሁ› ብሎ ወሰደና ቃሉን አጠፈ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ግን ደስ አላለኝም። በስንት ልመና ለሚመጣው ቅዳሜ እንደገና ለመጫወት ተስማምተዋል። ጥፋቱ የጨዋታው ነው ወይስ የኛ? ምን ብናደርግ ይሻላል ይላሉ? ገና ስንጀምር ያነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፎቶውን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግኩት የዚያን ጓደኛህን ቤቶች ነው። ቀይ ናቸው። በካታን ከበረሃው በቀር እያንዳንዱ መሬት ቁጥር አለው፤ ዳይሱ ያን ቁጥር ሲያወጣ አጠገቡ ቤት ያለው ሰው ካርድ ያገኛል። አንደኛው ቤቱ በ11፣ በ3 እና በበረሃው መካከል ቆሟል። ሁለተኛው የደሴቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው 12 እና 4። ያንተ ሰማያዊ ቤቶች ደግሞ አንዱ 6፣ 9 እና 10ን ይነካል። ሌላው 8፣ 5 እና 4ን። የማታው ነገር በሙሉ እዚያ ፎቶ ላይ አለ። ጨዋታው ሳይጀመር አልቆ ነበር።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። ሁለት ዳይስ ሲወረወር 36 ዓይነት አወጣጥ አለ። 7 በስድስት መንገድ ይመጣል። 6 እና 8 እያንዳንዳቸው በአምስት። 5 እና 9 በአራት። 4 እና 10 በሦስት። 3 እና 11 በሁለት። 2 እና 12 በአንድ በአንድ መንገድ ብቻ። አሁን የጓደኛህን ደምር፦ ለ11 ሁለት፣ ለ3 ሁለት፣ ለ12 አንድ፣ ለ4 ሦስት። ስምንት ይሆናል። ያንተን ደምር፦ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፤ እንደገና አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ሃያ አራት።

ይህ ማለት አንተ ከሦስት ውርወራ በሁለቱ ካርድ ታገኛለህ። እሱ ከዘጠኝ ውርወራ በሁለቱ። አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ አንድ ዙር አራት ውርወራ ነው። ስለዚህ ጓደኛህ ሁለት ዙር ሙሉ ዳይሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እያየ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ምንም ሳይደርሰው። ስልኩን ቢያወጣ አልፈርድበትም። «የዕድል ጨዋታ ነው» ያለው ግን ትክክል አይደለም። ዕድሉ ከአንተ ጋር እኩል ነበር። እኩል ያልነበረው ቦታው ነው። ቦታውን ደግሞ የመረጠው ስለ ጨዋታው ገና ምንም በማያውቅበት ሰዓት ነው።

ይህን ጨዋታ ለአዳዲስ ሰዎች ማስተማር ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ። በካታን ውስጥ ትልቁ ውሳኔ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። እነዚያን አምስት ደቂቃዎች የሚያበላሹት ደግሞ ሁልጊዜ ጀማሪዎች ናቸው። አበላሽተው ሁለት ሰዓት ይከፍሉበታል። ስለዚህ ሰው ቤቱ ጠርቶ የሚያስተምር ሰው ዋና ሥራው እዚያ ላይ ነው። ሕጉን መተንተን ሁለተኛ ነው። ማሸነፍማ ጭራሽ ሥራው አይደለም።

እኔም ድሮ ይህንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። የአጎቴን ልጅ 2 እና 12 ላይ ቤት ሲያቆም ዝም ብዬ አየሁት። «ምርጫው የራሱ ነው» ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሁለት ቤትና ሁለት መንገድ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የጠረጴዛ ጨዋታ ሲባል ፊቱን ያዞራል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቁጥር ክቦቹን ልብ ብለህ ካየሃቸው ከቁጥሩ ሥር ትናንሽ ነጠብጣቦች አሉ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስሉታል። ጌጥ አይደሉም። ከላይ የቆጠርነው ነገር ናቸው፤ ቁጥሩ በስንት መንገድ እንደሚመጣ ይናገራሉ። 6 እና 8 ሥር አምስት አምስት አለ፤ በቀይ የተጻፉትም ለዚህ ነው። 2 እና 12 ሥር አንድ ብቻ። ደሴቱ 19 መሬት አለው፤ አንዱ በረሃ ስለሆነ ቁጥር የለውም። የቀሩት 18 ክቦች ነጠብጣብ ቢደመር 58 ነው። ስለዚህ ሦስት መሬት የሚነካ አንድ ማዕዘን በአማካይ ዘጠኝ ገደማ አለው። ለጀማሪ የምሰጠው መለኪያም ይኸው ነው፦ ቤትህን ከማቆምህ በፊት በጣትህ እየነካህ ነጠብጣቡን ቁጠር። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ቤትህን እዚያ አቁም። ከስምንት በታች ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ። የጓደኛህ ሁለቱም ቤቶች ተደምረው ነው ስምንት የሞሉት።

ቅዳሜ ሁሉም ጮክ ብሎ ይቁጠር። «ይሄ አምስት፣ ይሄ ሦስት፣ ይሄ አራት፣ አሥራ ሁለት» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማው። ጠረጴዛው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ይማራል። ገበጣ የተጫወተ ሰው ካለ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ገበጣ ላይ ጠጠሩን ሳይቆጥር የሚያነሳ የለም። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ገበጣ የማይዋሽ ሒሳብ ሲሆን ይሄ የግምት ሒሳብ መሆኑ ነው።

ከነጠብጣቡ ሌላ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቁጥሮቹ ይለያዩ። ሁለቱም ቤቶች 6 ላይ ቢሆኑ 6 ሲመጣ ሠርግ ነው፤ ሳይመጣ ሲቀር ጦም ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ቤቶች ተደምረው አምስቱንም የሀብት ዓይነት ባይነኩ እንኳ አራቱን ይንኩ። በመጀመሪያው ምሽት ጡብና እንጨት ያጣ ሰው መንገድ መሥራት ስለማይችል ባለበት ይቀራል።

የሕጉ መጽሐፍ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ አቀማመጥ አለው። መሬቱም፣ ቁጥሩም፣ የሁሉም ቤት የት እንደሚቆምም ተሥሎ ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ እሱን ዘርግታችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትጽፍልኝም ነበር። ለሚመጣው ቅዳሜ ግን አልመክርህም። ጓደኛህ ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ መርጦ፣ ከዚያ ካርድ ሲጎርፍለት ማየት አለበት። ተዘጋጅቶ ቢቀርብለት «ዕድል ነው» ያለውን አይተውም።

የአቀማመጡን ተራ አትርሱ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። የመጨረሻው ሰው ሁለቱን ቤቶች በአንዴ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ቤት የሚነካቸው መሬቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መነሻ ካርድ ይሰጣሉ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። የጓደኛህ ሁለተኛ ቤት ባሕሩ ጫፍ ስለሆነ መነሻውም ከናንተ ያነሰ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ 40 ደቂቃው ንባብ ልምጣ። ሕጉን ማንበብህ ጥሩ ነው፤ ለብቻህ። ለጓደኞችህ ግን ማንበብ የለብህም። ከጀርመንኛ እየተረጎሙ ማንበብ ለሰሚውም ለአንባቢውም አድካሚ ነው። እኔ ይህን ያህል ብቻ እላለሁ፦ «ያለነው አንድ ደሴት ላይ ነው። ዳይስ ሲወረወር ቁጥሩ የወጣለት መሬት አጠገብ ቤት ያለው ሁሉ ካርድ ያገኛል፤ የወረወረው ማንም ይሁን። በካርዱ መንገድ፣ ቤትና ከተማ ይሠራል። የጎደለንን እንለዋወጣለን። 10 ነጥብ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።» በቃ። ሌላው ሁሉ ሲመጣ ይነገራል። 7 ሲወጣ ስለ ሽፍታው ትናገራለህ። አንዱ ወደብ ላይ ቤት ሊያቆም ሲል ስለ ወደቡ ትናገራለህ። አብዛኛው ሰው ሕግ የሚገባው ሲያስፈልገው ነው።

የካርዶቹን ስም ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ። በጀርመንኛ ስማቸው ሆልትስ፣ ሌም፣ ቮለ እየተባለ አማርኛ ሲወራ ሰው ይደናገራል። እኛ ጋ እንጨት፣ ጡብ፣ በግ፣ ስንዴ እና ብረት ነው የምንለው። ሱፍ ማለትም ይቻላል፤ ግን አንዱ የጾሙ ሱፍ ይመስለዋል። በግ በሉት። ዋጋዎቹን በአማርኛ በትንሽ ወረቀት ጽፈህ ለእያንዳንዱ ሰው ስጥ። መንገድ አንድ እንጨትና አንድ ጡብ ነው። ቤት እንጨት፣ ጡብ፣ በግና ስንዴ፣ አንድ አንድ። ቤትን ወደ ከተማ ማሳደግ ሦስት ብረትና ሁለት ስንዴ ነው። የልማት ካርድ፣ ማለትም ተገዝቶ ተደብቆ የሚያዘው ልዩ ካርድ፣ ብረት፣ በግና ስንዴ። ወረቀቷ እጁ ላይ ያለች ሰው «ምን ነበር የሚያስፈልገው?» እያለ አይጠይቅም። አራት ሰዓት ከፈጀባችሁ ውስጥ ግማሽ ሰዓቱ ይህ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

የቀረውን ጊዜ የበላው ግን ሌላ ነገር ነው። በግምት ልናገር፦ ተለዋወጡ ተብሎ እናንተ አልተለዋወጣችሁም። ሁሉም ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ የራሱን ቁጥር ይጠብቃል። «በግ ያለው?» ሲባል «የለም»። «እንጨት?» «አልሰጥም»። የመጀመሪያ ምሽት ላይ ሁልጊዜ የምሰማው ይህን ነው። ሰው የሰጠው ካርድ ለጠላት የሰጠው ይመስለዋል።

ካታን የተሠራው እንዲህ እንዳይሆን ነው። ክላውስ ቶይበር የሚባለው ሰው ነው የፈጠረው። የጥርስ ቴክኒሺያን ነበር፤ የሚሠራውም ካንተ ብዙ በማይርቀው በዳርምሽታት አካባቢ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጨዋታ ይፈጥር ነበር። የሠራውን መጀመሪያ የሚሞክረው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ካታን በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጣ። በዚያው ዓመት በጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። ዛሬ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ቶይበር በ2023 በ70 ዓመቱ አርፏል። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ጨዋታው ለቤተሰብ ጠረጴዛ የተሠራ መሆኑን እንድታይ ነው። ማንም ከጨዋታው ተባሮ አይወጣም። ቤትህን የሚያቃጥል ጦር የለም። ተራህ ባይሆንም ዳይሱ ካርድ ያመጣልሃል፤ ተራህ ባይሆንም ሰው ይጠይቅሃል። ልውውጡን ካወጣህለት የሚቀረው ዳይስ ብቻ ነው። ያኔ ጓደኛህ «የዕድል ጨዋታ» ያለው እውነት ይሆናል።

የጨዋታው ጥበብ ያለው ልውውጡ ላይ ነው። መሪው ሲመራ ሁሉም ያየዋል፤ ነጥቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ስለዚህ ለመሪው ካርድ ይወደድበታል። ኋላ የቀረው ሰው ግን ማንንም አያሰጋም። ለእሱ መሸጥ አያስፈራም፤ ለእሱ ይረክሳል። ገበያ የሚያውቅ ጠረጴዛ ላይ ኋላ የቀረው በዚህ መንገድ ይነሳል። እናንተ ጋ ግን ለቀዩ ጓደኛችን አንድ ሰው እንኳ «ምን ጎደለህ?» ያለው አይመስለኝም። ብትሉት ኖሮ ለራሳችሁም ይጠቅማችሁ ነበር፤ ካንተ ካርድ ከመግዛት ከእሱ መግዛት ይሻላቸው ነበራ።

አንድ ምሽት ልንገርህ። አክስቴ እኛ ቤት መጥታ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየች። ስድሳውን አልፋለች። ጉሊት ነግዳ ነው ልጆቿን ያሳደገችው። «እኔም ልሞክር» አለች። ሕጉን በአምስት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ የሁላችንን ቤት በዓይኗ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጡብ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፣ አይደል?» አለች። ዝም አልን። እውነት ነበር። ከአምስቱ ሀብቶች እንጨት፣ በግና ስንዴ አራት አራት መሬት አላቸው። ጡብና ብረት ሦስት ሦስት ብቻ። ከሦስቱ የጡብ መሬት ሁለቱ እሷ አጠገብ ነበሩ። «እንግዲያው ጡብ በሁለት ነው» አለች። የእህቴ ልጅ «በአንድ ስንዴ ስጪኝ እትዬ» ብሎ ለመናት። «ስንዴ እኔም አለኝ። በግና ብረት አምጣ፤ ነገ ዋጋው ሦስት ይሆናል» አለችው። ሰጣት። ቤቱን ሠራ፤ እሷ በበጉና በብረቱ የልማት ካርድ ገዛች። ሁለቱም ፈገግ ብለው ነበር። ካታን ይህ ነው። ሰሌዳው ገበያው የሚቆምበት ሜዳ ነው እንጂ ጨዋታው ራሱ አይደለም።

ከእሷ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። «አልሰጥም» ብላ አታቆምም። ሁልጊዜ ዋጋ ትጠራለች። ቅዳሜ ይህን ሕግ አድርጉት፦ ልውውጥ ሲጠየቅ እምቢ የሚል ሰው በምን እንደሚስማማ ይናገር። «አይ፤ ግን በሁለት ስንዴ እሺ» ይበል። እንዲህ ከሆነ ጠረጴዛው ይሞቃል። ጨዋታውም ያጥራል።  ለአዲስ ሰው ሁለት ሰዓት በቂ ነው።

የእንጨቱን ጠብ በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ልውውጥ የሚደረገው ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ብቻ ነው። እዚያው፣ ካርድ በካርድ ነው። በባዶ መስጠት አይፈቀድም። ስለዚህ «አሁን ስጠኝ፣ ኋላ እሰጥሃለሁ» የሚባለው ነገር ከመነሻው መሆን አልነበረበትም። ጓደኞችህ በሌለ ውል ነው የተኳረፉት። ይህን ቅዳሜ ሳይሆን ዛሬ ደውለህ ንገራቸው። ቃሉን ያጠፈው ሰው አጭበርባሪ ተብሎ፣ የሰጠውም ተሞኘ ተብሎ ወደ ጠረጴዛው ባይመለሱ ጥሩ ነው። ሁለቱም ሕጉን አላወቁትም፤ ሕጉን የማሳወቁ ኃላፊነት ደግሞ ያንተ ነበር። ይህን ብትላቸው ደስ ይለኛል።

ሰው ባይስማማ ባንኩ አለ። አራት አንድ ዓይነት ካርድ ሰጥተህ የፈለግከውን አንድ ትወስዳለህ። ወደብ ላይ ቤት ካለህ በሦስት፤ የራሱ ሀብት ያለው ወደብ ከሆነ በሁለት። ባንኩ ውድ የሆነው ሰው ከሰው ጋር እንዲነጋገር ነው።

ሽፍታውን እንነጋገር። 7 ከሁሉም ቁጥር በላይ ይመጣል፤ በአማካይ ከስድስት ውርወራ አንዴ። አራት ሆናችሁ ስትጫወቱ በየአንድ ዙር ተኩሉ እንደማለት ነው። 7 ሲወጣ ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ሁሉ ግማሹን ይጥላል። ዘጠኝ የያዘ አራት ይጥላል፣ ጎዶሎው ለራሱ ይቀራል። ከተማ ልሠራ ብሎ ሦስት ብረት የሚያጠራቅም ጀማሪ በዚህ ይመታል፤ ተመትቶ እንደገና ያጠራቅማል። አራት ሰዓታችሁ ውስጥ ይህም አለበት ብዬ እገምታለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። እጅህ ላይ ስድስት ካርድ ሲሞላ የምትሠራውን ሥራ፣ ባይሆን ለዋውጥ። መንገድም ብትሆን ትሠራ።

7 የወረወረው ሰው ደግሞ ሽፍታውን፣ ያቺን ትንሽ ምስል፣ አንስቶ ሌላ መሬት ላይ ያቆመዋል። ያ መሬት ሽፍታው እስካለ ካርድ አያወጣም። አጠገቡ ቤት ካለው ሰውም አንድ ካርድ ሳያይ ይመዛል። ጀማሪ አቅራቢያው ያለውን ወይም ባለፈው ያናደደውን ነው የሚመታው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተመቺው ደካማው ነው፤ ስለማይመልስ። ቅዳሜ አንድ የቤት ሕግ ጨምሩ፦ ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው ሰው መሬት ላይ ሽፍታ አይቆምም። ሦስተኛ ቤቱን ከሠራ በኋላ ሁሉም እኩል ነው። ይህን ሕግ ለአዲስ ሰው ሁልጊዜ እጠቀምበታለሁ። አንድም ጨዋታ ሲያበላሽ አላየሁም። 10 ነጥቡን ግን አትቀንሱ። «ስምንት ይሁን፣ ይጠር» የሚሉ አሉ። ጨዋታው የሚጣፍጠው ከስምንት እስከ አሥር ባለው መንገድ ላይ ነው።

ወደ 10 የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ አይደለም። ሁሉም ሰው ሁለት ነጥብ ይዞ ይጀምራል፤ ቤት አንድ ነጥብ ነውና። ከተማ ሁለት ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ተከታታይ መንገድ ከሁሉም ቀድሞ የሠራ ሁለት ነጥብ ይወስዳል፤ የሚበልጠው ከመጣ ይነጠቃል። ከ25ቱ የልማት ካርዶች 14ቱ ሽፍታውን የሚያንቀሳቅሱ ፈረሰኞች ናቸው። ሦስት ፈረሰኛ ቀድሞ ያወጣ ሌላ ሁለት ነጥብ ያገኛል። አምስቱ ካርዶች ደግሞ በድብቅ የሚያዙ ነጥቦች ናቸው። ለጀማሪ የምለው መጀመሪያ እንጨትና ጡብ፣ ከመሐል ጀምሮ ብረትና ስንዴ ነው። መጀመሪያ ትስፋፋለህ፣ ከዚያ ታሳድጋለህ። የገዛኸውን የልማት ካርድ በዚያው ተራ ማውጣት እንደማይቻል ግን አትርሱ፤ የነጥብ ካርድ ካልሆነ በቀር። በዚህም ጠብ ይነሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንተ ለራስህ። ሕጉን የምታውቀው አንተ ብቻ ሆነህ ሳለ 6፣ 9፣ 10 እና 8፣ 5፣ 4 ላይ ቆምክ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጥሩ ቦታ አየህ፣ ቆምክ። ግን ደስ ያላለህ ለዚህ ይመስለኛል። ቅዳሜ መጀመሪያ ቤት የሚያስቀምጠው ቀዩ ጓደኛህ ይሁን። አንተ የመጨረሻው ሁን። ሰው ደካማ ቦታ ላይ እጁን ሲያሳርፍ ካየህ «ቆይ፣ ነጠብጣቡን ቆጠርከው?» በል። የት እንዲቆም አትንገረው፤ እንዲቆጥር ብቻ ንገረው። የመጀመሪያ ቤቶች ሁሉ እስኪቆሙ ድረስ ማንም ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል በሉ። ዳይሱ አንዴ ከተወረወረ በኋላ ግን መመለስ የለም።

ቡናውን አስቀድመህ አፍላ እንጂ በመሐል አትነሳ። ጠረጴዛው ላይ መብል አታብዛ፤ ዘይት የነካው ካርድ በጀርባው ይታወቃል። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ ማለት ግን አያስፈልግም። ከሦስት ውርወራ በሁለቱ ካርድ የሚደርሰው ሰው ስልኩን ራሱ ይረሳዋል።

ከሁሉ በፊት ለቀዩ ጓደኛህ ደውልለት። ከሌሎቹ ሩብ ሰዓት ቀድሞ እንዲመጣ ጠይቀው። መሬቶቹን አብራችሁ ዘርጉ። የቁጥር ክቦቹን እሱ ያስቀምጣቸው፤ በእጁ ይያዛቸው፣ ነጠብጣቡን ይይ። ሁለቱ ቀይ ቁጥሮች፣ 6 እና 8፣ ጎን ለጎን እንዳይወድቁ እሱ ይጠብቅ። ፎቶም አንሳና ላክልኝ፤ የቀዩን ቤቶች ማየት እፈልጋለሁ።